ለመጪው ሰሚስተር ኮርስ ማቀድ፦ በጎጃም ለሚማሩ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምዝገባ ሳምንት በደረሰ ቁጥር ቢሮዬ በር ላይ የሚቆሙት ተማሪዎች ይለዋወጣሉ፤ ጥያቄዎቻቸው ግን ያው ናቸው። በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳር፣ በቡሬና በእንጅባራ የሚማሩ ልጆች በአካልም በስልክም ከሚጠይቁኝ ውስጥ አዘውትረው የሚመላለሱትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አንዳንዱ መልስ ደንብ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ተማሪ ሳማክር የኖርኩበት አስተያየቴ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ከአነጋገሬ ይታወቃል ብዬ አምናለሁ።

ኮርሱንም ሰዓቱንም የሚወስነው ትምህርት ክፍሉ ነው። እኛ ታዲያ ምን የምናቅደው ነገር አለ?

ጥያቄው ተገቢ ነው። በሌላ አገር ተማሪው ከረጅም ዝርዝር ውስጥ ኮርሱን መርጦ፣ መምህሩንና ሰዓቱን አማርጦ ሳምንቱን ራሱ ይሠራል። በእኛ ዘንድ ሴክሽን ይመደብልሃል፣ የየሰሚስተሩ ኮርስ በብሬክዳውን (በትምህርት ክፍሉ የኮርስ ዝርዝር) ታትሞ ይጠብቅሃል፣ የትምህርት ሰዓቱና የክፍል ቁጥሩ ደግሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወይም በሴክሽኑ የቴሌግራም ገጽ ይለጠፋል። ስለዚህ ብዙዎች እቅድ የሚባለውን ነገር ለአስተዳደሩ ትተው የምዝገባ ስሊፕ ማውጣትን ብቻ የራሳቸው ሥራ ያደርጉታል።

ለእናንተ የቀረው ጥቂት ቢሆንም ከባድ ነው። የወደቃችሁበትን ኮርስ መቼ እንደምትደግሙት የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ኮርስ መጨመርና መቀነስ፣ ከምርጫ ኮርሶች አንዱን መያዝ፣ ከሠንጠረዡ ባዶ የቀሩትን ሰዓታት በምን እንደምትሞሉ መወሰን የእናንተ ድርሻ ነው። ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያውን የተሳሳተ ተማሪ የሚያጣው አንድ ሰሚስተር አይደለም፤ አንድ ዓመት ነው። ለምን እንደሆነ ስለ ቀዳሚ ኮርስ (ሌላ ኮርስ ለመያዝ መጀመሪያ ማለፍ ስላለበት ኮርስ) በሚያወራው ጥያቄ ሥር በስፋት ጽፌዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ የማንበቢያ ጊዜ ያለው ሰው ያንን ያንብብ።

ማቀድ የምጀምረው መቼ ነው?

ያለፈው ሰሚስተር ፋይናል ከመጀመሩ በፊት። ምክንያቱም ፋይናል ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ይሮጣል፣ መምህራንም እርማት ላይ ናቸው፣ የሚያማክር አይገኝም። ሲመለሱ ደግሞ ምዝገባው ሁለት ሦስት ቀን ነው።

አንድ ወረቀት በእጃችሁ ይኑር፤ የትምህርት ክፍላችሁ የኮርስ ብሬክዳውን። ከመጀመሪያ ዓመት እስከ ምረቃ ያለው ኮርስ፣ ኮዱ፣ ክብደቱና ቀዳሚው ተዘርዝሮ የሚገኝበት ነው። ከትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ወይም ከላይኛው ዓመት ተማሪ ታገኙታላችሁ። ያለፋችሁትን በአረንጓዴ፣ የቀረባችሁን በቀይ አስምሩበት። ሦስተኛ ዓመት ደርሶ ይህን ወረቀት አይቶት የማያውቅ ተማሪ ያጋጥመኛል፤ ያን ቀን ቢሮዬ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነበው ፊቱ ሲለዋወጥ አያለሁ።

በአንድ ሰሚስተር ስንት መያዝ ይበቃል?

የመደበኛ ተማሪ የተለመደ ጫና 30 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ነው። በአሮጌው የክሬዲት አወር አቆጣጠር ሦስት ክሬዲት የነበረ ኮርስ ዛሬ አምስት ኢሲቲኤስ ሆኖ የምታዩት ነው። ቁጥሩ ትልቅ መሰለ እንጂ ኮርሱ ያው ነው።

ኢሲቲኤስ የሚለካው ክፍል ውስጥ በምትቀመጡበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ኮርሱ በጠቅላላ በሚጠይቀው ድካም ነው። አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይወክላል። በዚህ ስሌት 30 ኢሲቲኤስ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ይሆናል። ለ16 ሳምንት ስታካፍሉት በሳምንት ከ47 እስከ 56 ሰዓት ይደርሳል። በሌላ አነጋገር የሙሉ ቀን ሠራተኛ ከሚሠራው በላይ ነው። አምስት ኢሲቲኤስ ያለው አንድ ኮርስ ብቻውን በሳምንት ወደ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ይፈልጋል፤ ሦስቱን መምህሩ ቢወስድ የቀረው አምስት ስድስቱ ከላይብረሪ ወንበር ላይ የሚገኝ ነው።

ከ30 በላይ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠውም ውጤቱ ጥሩ ለሆነ ተማሪ ወይም ለመመረቅ ጥቂት ለቀረው ነው። ፈቃዱን ለምነው አግኝተው ጥቅምት ላይ በደስታ፣ ታኅሣሥ ላይ በእንባ የሚመጡ አሉ። እናቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

በቀዳሚ ኮርስ ኤፍ አግኝቻለሁ። የሚቀጥለው ሰሚስተር ላይ ደግሜ እወስደዋለሁ፣ ትክክል ነኝ?

በአብዛኛው ትክክል አይደለህም፤ የብዙ ተማሪ ዓመት የሚበላውም እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሰሚስተር የተሰጠ ኮርስ በሁለተኛው ሰሚስተር አይገኝም፤ ተመልሶ የሚመጣው ከአንተ በታች ያሉት ተማሪዎች ሲደርሱበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ በእርሱ ላይ የተንጠለጠሉት ኮርሶች ሁሉ ይዘጉብሃል። የምህንድስና ተማሪ አፕላይድ ማቲማቲክስ አንድን ካላለፈ ሁለትን መያዝ አይችልም፤ ሁለት ከሌለ ሦስት የለም። ሒሳብ አያያዝ የምትማር ልጅ የመጀመሪያውን መሠረታዊ ኮርስ ከወደቀች ሁለተኛውም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መካከለኛውም ይቆማል። አንድ ኤፍ ሦስት ኮርስ ይዞ የሚወርደው እንዲህ ነው።

ስለዚህ በብሬክዳውኑ ላይ ከየኮርሱ ወደሚከፍተው ኮርስ ቀስት ሳቡ። ብዙ ቀስት የሚወጣበት ኮርስ የሰሚስተሩ ዋና ኮርስ ነው፤ ክብደቱ ሦስት ኢሲቲኤስ ብቻ ቢሆንም እንኳ። ቀስት የማይወጣበት ኮርስ ላይ ቢደናቀፉ ጉዳቱ በዚያው ይቀራል። ተማሪ ግን የሚያጠናው በተቃራኒው ነው፤ መምህሩ የሚያስፈራውን ያጠናል፣ ሌላውን «ያልፋል» ብሎ ይተወዋል።

ኤፉ አንዴ ከመጣስ? መንገዶች አሉ፤ ሁሉም ፊርማ ይፈልጋሉ። ኮርሱ በክረምት መርሐ ግብር ወይም በማታው ክፍል የሚሰጥ ከሆነ ትምህርት ክፍሉን አስፈቅዶ ከእነርሱ ጋር መማር አንዱ ነው። የድጋሚ ፈተና የሚፈቀድበት ሁኔታ ካለ ማመልከቻው ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ የሚሰማህ የለም። ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ያንኑ ኮርስ መውሰድም ይቻላል፤ ነገር ግን ከመሄድህ በፊት የኮርሱ ይዘት ተመሳሳይ መሆኑን ትምህርት ክፍልህ በጽሑፍ ካላረጋገጠልህ ውጤቱን ይዘህ ስትመለስ የሚቀበልህ ላታገኝ ትችላለህ። አንድ የማውቀው ልጅ ክረምቱን ሙሉ ተምሮ፣ ጥሩ ቢ ይዞ መጥቶ፣ ደብዳቤ ባለመያዙ ብቻ ኮርሱን እንደገና ከሥር ካሉት ጋር ተቀምጦ ተምሯል።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ የሚቀረው ዓመት ጠብቆ ከታችኛው ባች ጋር መማር ነው። ያኔ የሚቀጥለው ችግር የሰዓት ግጭት ስለሆነ የእነርሱን ፕሮግራም ከራስህ ቀድመህ እይ።

ዓመት ሲጨምር የሚጨምረው እድሜ ብቻ እንዳልሆነም አስታውሱ። የወጪ መጋራት ቅጽ የሚፈረመው በየዓመቱ ነው፤ ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶው፣ ለምግብና ለመኝታ የወጣው ደግሞ ተደምሮ ስትቀጠሩ የሚከፈል እዳ ይሆናል።

ድምር ውጤቴ 1.90 ነው። ብዙ አዲስ ኮርስ ልያዝ ወይስ የወደቅሁበትን ልድገም?

እርሳስ አንሺና እንቁጠር። እስካሁን 60 ኢሲቲኤስ ወስደሻል እንበል። 60 በ1.90 ሲባዛ 114 ነጥብ ነው። በሚቀጥለው ሰሚስተር 30 አዲስ ኢሲቲኤስ ይዘሽ ወደ 2.00 ለመድረስ በ90 ኢሲቲኤስ 180 ነጥብ ያስፈልግሻል፤ ማለትም በአንድ ሰሚስተር 66 ነጥብ፣ የሰሚስተሩ ውጤት 2.20። የሚቻል ነው፤ ግን እስካሁን ካለሽ አማካይ በላይ ነው።

አሁን ሌላውን እይ። አምስት ኢሲቲኤስ ያለውን ኤፍ ደግመሽ ቢ (3 ነጥብ) ብታመጪና አዲሱ ውጤት በአሮጌው ፋንታ ቢያዝ 15 ነጥብ ይጨመራል። 114 ወደ 129 ይወጣል፤ የሚካፈለው ግን ያው 60 ነው። ውጤቱ 2.15። ከ2.00 በታች መሆን ከሚያስከትለው ማስጠንቀቂያ አንድ ኮርስ ብቻውን አወጣሽ ማለት ነው። መድገም አፍሮ መደበቅ የሚገባው ነገር እንዳልሆነ ይህ ቁጥር ይናገራል።

«ዲ» ያገኛችሁበትን ኮርስ መድገም ግን ሌላ ነው። ዲ ያለፈ ኮርስ ስለሆነ እንድትደግሙት በአብዛኛው የሚፈቀደው ድምር ውጤታችሁ ከ2.00 በታች ሲሆን ነው።

አድ እና ድሮፕ ምንድን ነው? እስከ መቼ ይቻላል?

የተመዘገባችሁበትን ኮርስ ትታችሁ ወይም አዲስ ጨምራችሁ ምዝገባውን የምታስተካክሉበት ጊዜ ነው፤ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ይከፈትና ይዘጋል። ትክክለኛው ቀን በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ካሌንደር ላይ ታትሟል፤ ካሌንደሩን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።

ክፍል መግባት ማቆም ኮርስ መተው አይደለም። ቅጹን ሞልቶ፣ አማካሪውን አስፈርሞ፣ ሬጅስትራር ያላስገባ ተማሪ ስሙ መምህሩ ዝርዝር ላይ አለ፤ ሲያልቅ የሚጻፍለትም ኤፍ ነው። በተቃራኒውም ሰሚስተሩን ሙሉ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተማረ፣ ግን ያልተመዘገበ ልጅ አይቻለሁ። ፈተናውን አልፏል፤ ውጤቱን የሚመዘግቡበት ቦታ አልተገኘም።

በማንኛውም ቅጽ ላይ ቅጂ አስቀሩ። የወረቀት መጥፋት እንኳን በእናንተ በእኛም ላይ ደርሷል።

ሁለት ኮርስ በአንድ ሰዓት ተጋጨብኝ። ምን ላድርግ?

ግጭቱ የሚፈጠረው በአብዛኛው ከታችኛው ባች ጋር በሚደገም ኮርስ ነው። መጀመሪያ ያ ባች ስንት ሴክሽን እንዳለው ጠይቁ፤ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ አንዱ ከእናንተ ሰዓት ጋር ላይጋጭ ይችላል። ካልሆነ መምህሩን በትሕትና አነጋግሩ፤ የሦስት ሰዓት ኮርስ ውስጥ የሚጋጨው አንዷ ሰዓት ብቻ ከሆነች መፍትሔ አይጠፋም። ሦስተኛው መንገድ ለፕሮግራም አውጪው በመጀመሪያው ሳምንት ማሳወቅ ነው። ፕሮግራም አውጪው ክፍልና መምህር ሲያዛውር የሚውል ሰው ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰዓት ለማንቀሳቀስ ይስማማል፣ በአራተኛው ሳምንት ግን ወንበሩን ትቶ ይሸሻችኋል።

ሁለቱንም ይዞ እያፈራረቁ መግባት ግን አያዋጣም። ከክፍል መቅረት ከተፈቀደው በላይ ሲሆን ፈተና ያስከለክላል፤ አፈራርቆ የሚገባ ሰው ደግሞ ከሁለቱም እኩሌታውን ይቀራል።

ፕሮግራሙ ላይ 2:00 ይላል። ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?

ከሰዓት በኋላ። እየሳቃችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ ዓመቴ ጠዋት በሁለት ሰዓት ባዶ ላብራቶሪ በር ላይ ደብተሬን ታቅፌ ቆሜያለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪው ሲሠራ ደግሞ ዶርም ተኝቻለሁ። ፕሮግራም በብዙ ቦታ የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ነው። ቁጥሩ ከስድስት በላይ ከሆነ ስድስት ቀንሱ፣ ከስድስት በታች ከሆነ ስድስት ጨምሩ። 8:00 የሚለው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ 10:00 ረፋድ አራት ሰዓት፤ 1:30 ሰባት ሰዓት ተኩል፤ 2:00 ስምንት ሰዓት። ፕሮግራሙ በወጣ ቀን በእኛ አቆጣጠር ገልብጣችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የፈተና ፕሮግራምም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ላይ መሳሳት ደግሞ ከላብራቶሪው የባሰ ያስከፍላል።

ባሕር ዳር ነኝ። ኮርሶቼ በሁለት ካምፓስ ተከፋፈሉ።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአንድ ግቢ የተሠራ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የፖሊ ቴክኒክ ተቋምና በ1960ዎቹ የተቋቋመው የመምህራን ማሠልጠኛ የፔዳጎጂ አካዳሚ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የወጣ ነው። «ፖሊ» እና «ፔዳ» የምንላቸው ስሞችም ከዚያው የቀሩ ናቸው፤ ፔዳ ከፔዳጎጂ ተቆርጦ የቀረ ነው፣ ይህን ሳያውቅ አራት ዓመት የኖረበት ተማሪ ብዙ ነው። ይባብ፣ ዘንዘልማና ጥበበ ግዮን የተባሉት ግቢዎች በየአቅጣጫቸው ተጨመሩ። ዘንዘልማ ጭራሽ ከአባይ ወዲያ፣ በጎንደር መንገድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ መሻገሩን አቅልሎታል፤ ርቀቱን ግን አላሳጠረውም።

በሁለት ግቢ መካከል የሚመላለስ ተማሪ በሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች መካከል ቢያንስ አንድ ሰዓት ይያዝ። የባጃጅ ገንዘብም እቅድ ውስጥ ይግባ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደርሶ መልስ ሲደመር የነን ካፌ (በግቢው ካፌ የማይመገብ) ተማሪን ምሳ ይበላል። ከተቻለ የአንዱን ግቢ ኮርሶች በአንድ ቀን የሚሰበስብ ሴክሽን ጠይቁ።

ምርጫ ኮርስ እንዴት ልምረጥ?

«የቱ ይቀላል?» ብሎ የላይኛውን ዓመት ተማሪ መጠየቅ ልማድ ነው፤ አልከለክልም። ነገር ግን ምርጫ ኮርስ በቂ ተማሪ ካልተመዘገበበት አይከፈትም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ምርጫ ሳትይዙ አትሂዱ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በምን ርዕስ ለመሥራት እንደምታስቡ ካወቃችሁ ከርዕሱ ጋር የሚሄደውን ያዙ። በኋላ አማካሪ የሚሆናችሁ መምህር ብዙውን ጊዜ ያንን ኮርስ ያስተማረው ሰው ነው።

ወደ ጓደኞቼ ሴክሽን መዛወር እችላለሁ?

ከተማሪ ጋር በመለዋወጥ፣ በትምህርት ክፍሉ ፈቃድ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይቻል ይሆናል። ልፋቱን የሚያህል ጥቅም ግን አላየሁበትም።

ጾምና በዓልን በእቅዴ ውስጥ እንዴት ላስገባ?

ይህን የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ መጠየቅ የሚገባቸው ግን ሁሉም ናቸው። ካሌንደሩ ሳይዛባ ሲሄድ የመጀመሪያው ሰሚስተር ፋይናል የሚወድቀው ጥር ላይ ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11፤ ለእንጅባራ ልጆች ደግሞ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ለገና ቤት ሄዶ ጥምቀትን አክብሮ የሚመለስ ተማሪ የሚደርሰው በፈተናው ዋዜማ ነው። ከሁለቱ በዓላት አንዱን መርጣችሁ ሌላውን ግቢ አሳልፉ። በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ጥምቀት ከቤት ርቆ ቢከበር የሚያስቆጭ አይደለም።

ሁለተኛው ሰሚስተር ውስጥ ሁዳዴ አለ፤ 55 ቀን፣ የሰሚስተሩን እኩሌታ የሚያህል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስምንት ሰዓት ላይ በሚጀምር የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከባድ ንባብና የቡድን ሥራን ወደ ጠዋት አምጡት፤ ከሰዓት በኋላን ለመገልበጥና ለመለማመጃ ጥያቄ ተዉት። የምሳው እረፍት በዓርብ ከጁምዓ ጋር እንዲገጥም ለሚፈልጉ ሙስሊም ተማሪዎችም ምክሬ ያው ነው፤ ሴክሽን ሲመደብ የዓርብን ሠንጠረዥ ቀድማችሁ እዩ፣ ግጭት ካለ በመጀመሪያው ሳምንት ተናገሩ።

የቅዳሜና እሁድ ተማሪ ነኝ፤ ሥራም አለኝ። ለእኔ የሚለየው ምንድን ነው?

ክፍያው። የማታና የቅዳሜና እሁድ ተማሪ የሚከፍለው በያዘው ክሬዲት ልክ ስለሆነ፣ ለእናንተ ኮርስ መምረጥ ገንዘብ መምረጥም ነው። ከሉማሜ፣ ከአማኑኤል ወይም ከደጀን ተነስቶ ደብረ ማርቆስ የሚማር መምህር በየሳምንቱ የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪም አለበት።

በገጠር ወላጅ ለሚታገዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የመጀመሪያው ምዝገባ በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል፤ ጤፉ ያኔ ገና ማሳ ላይ ነው። የሚታጨደውና የሚወቃው ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ገበያ ወጥቶ ብር የሚሆነው ከዚያ በኋላ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰሚስተር ቀለል አድርጎ፣ ቀዳሚ የሆኑትን ኮርሶች ብቻ ይዞ፣ በሁለተኛው መጨመር ያዋጣል። ተበድሮ ሁሉንም የያዘና በመሀል ያቋረጠ ሰው ብሩንም ኮርሱንም ያጣል። የምዝገባ ቀን ያለፈበት ሰው ቅጣት እንደሚከፍልም ይታሰብ።

ዘግይቼ ብደርስስ? መንገዱ አይታመንም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው የጸጥታ ችግር መንገድ የሚዘጋበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት፣ ካሌንደር የሚገፋበት ጊዜ እንዳለ ሁላችንም የኖርነው ነው። ስለዚህ ምዝገባ ሰኞ ከሆነ እሁድ ማታ ለመድረስ አታቅዱ። አስቀድሞ መድረስ ካልተቻለ ለትምህርት ክፍሉ በስልክ አሳውቁ፣ መንገድ ላይ የቆያችሁበትን የሚያሳይ ማስረጃ ካለ ያዙ። በግቢው ላለ ታማኝ ጓደኛ ውክልና መስጠት በአንዳንድ ጉዳይ ይቻላል፤ ምዝገባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ራሳችሁ ትፈለጋላችሁ።

ሌላም አለ። ካሌንደር ሲገፋ ሰሚስተሩ ይጨመቃል፤ የ16 ሳምንቱ ትምህርት በማካካሻ ክፍለ ጊዜ ቅዳሜ ጭምር ይሰጣል። ሳምንታችሁን ስትደለድሉ ቅዳሜን ባዶ ተዉት፤ ባይፈለግ ልብስ ታጥቡበታላችሁ።

ፍሬሽማን ነኝ። ኮርሱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ማቀድ አያስፈልገኝም አይደል?

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት ኮርሶች የጋራ ናቸው፤ ጀኔራል ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኮሙኒኬቲቭ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ እያሉ ይቀጥላሉ። ነገር ግን ወደ የትኛው ትምህርት ክፍል እንደምትገቡ ሲወሰን የዚህ ዓመት ውጤት ትልቅ ድርሻ አለው። ፉክክሩ የሚጀምረው ዓመቱ መጨረሻ ላይ ቅጽ ሲሞላ ሳይሆን በመጀመሪያው ፈተና ነው። በሎጂክ ላይ ብዙ ልጆች ይወድቃሉ፤ ንባብ መስሏቸው ሳይለማመዱ ስለሚገቡ ነው። እንደ ሒሳብ ደብተር ይዛችሁ ሥሩት።

የመውጫ ፈተናው ኮርስ ከማቀድ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ዘርፎች የተጀመረው የመውጫ ፈተና 50 በመቶ ይጠይቃል፤ የሚወጣውም ከየዓመቱ ዋና ዋና ኮርሶች ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማራችሁት በምረቃችሁ ዓመት ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። ማስታወሻችሁን በሰሚስተሩ መጨረሻ ለታናናሾቻችሁ አትስጡ፤ ኮፒ አድርገው ይመልሱላችሁ። የመጨረሻው ሰሚስተር ላይ ደግሞ ሊደገም የሚገባ ኮርስ አታስተርፉ፤ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመውጫ ፈተናና አንድ የተንጠለጠለ ኮርስ በአንድ ወር ሲገናኙ ሦስቱም ይጎዳሉ።

አማካሪ መምህሬን በምፈልገው ቀን አላገኘውም። ምን ላድርግ?

የክፍለ ጊዜ ፕሮግራማችንን በር ላይ እንለጥፋለን፤ ከክፍል እንደወጣን ጠብቁን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከመሙላቱ በፊትም ብዙዎቻችን ግቢ ውስጥ ነን። ስትመጡ ብሬክዳውናችሁን፣ የመጨረሻውን የውጤት ወረቀትና መያዝ የምትፈልጉትን ኮርስ ዝርዝር ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። ባዶ እጁን መጥቶ «መምህር፣ ምን ልያዝ?» ለሚለኝ የምመልስለት ተመልሶ ሄዶ ወረቀቱን እንዲያመጣ ነው፤ ያኔ ደግሞ ወረፋው ከኋላ ይጀምራል።